ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሁሉ ከምን እንደ ተሠሩ

በዛሪማ ለተማሪዎችና ለወላጆች የሚነበብ ንግግር

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አየር ያያል። ማለዳ ከደጋው ሲነሣ ብርዱ ጋቢ ያስደርበዋል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የሚያየውም አዝመራ ገብስና ባቄላ ነው። ቍልቍለቱን ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ ግን ሙቀቱ ጋቢውን ያስወልቀዋል፤ በማሳው ላይ ቆሞ የሚጠብቀውም ማሽላ ነው። ዘወር ብሎ የስሜንን ተራሮች ቢመለከት፥ በዚያ በገደሉ ላይ ዋልያ ይሰማራል፥ በውርጩም ውስጥ ጅባራ ይበቅላል። ዋልያና ጅባራ፥ ገብስና ማሽላ፥ በቅሎውና ባለበቅሎው በመልክም በጠባይም እጅግ የተለያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ አካላቸው ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ ለሚያይ ሰው ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የተሠሩባቸው ነገሮች ጥቂቶች፥ በሁሉም ዘንድ አንድ ዐይነት ናቸውና።

በዚህ ንግግር የሚነገረው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ እነዚህ ጥቂት ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑና በሰውነት ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ነው። ሁለተኛውም፥ ይህን ማወቅ ለአንዲት የዛሪማ እናትና ለልጇ ምን እንደሚጠቅም ነው። ሁለተኛው ነገር ያለ መጀመሪያው አይገባምና አድማጭ በትዕግሥት ይስማ።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከ4 ባሕርያት፥ ይኸውም ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው እያሉ ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ብዙ መልክ ያለው ፍጥረት ከጥቂት ነገር ተዋሕዶ እንደሚቆም ማስተዋል ትልቅ ማስተዋል ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ደግሞ ሥጋንና ቅጠልን፥ ደምንና ወተትን በእሳትና በሚዛን መርምረው፥ ከሰው ሰውነት ክብደት ከ100 እጅ 96 ያህሉ ከ4 ንጥረ ነገሮች የተሠራ መሆኑን አገኙ። የእነዚህም ስማቸው ኦክስጅን፥ ካርቦን፥ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ይባላል። ቍጥራቸው ከጥንቶቹ ባሕርያት ቍጥር ጋር ቢገጥምም ነገራቸው ሌላ ነው። የቀረው 4 እጅ ያህል በአጥንት ያለው ካልሲየምና ፎስፎረስ፥ በደም ያለው ብረት፥ ጨውና ይህን የመሳሰለው ነው።

ይህን ለማየት ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። እንጀራ በምጣድ ላይ ተረስቶ ቢያር ይጠቍራል፤ ያ ጥቍር ነገር ካርቦን ነው፥ የከሰልም ባሕርይ እርሱ ነው። ቆሎ በሚቈላበት ጊዜ ቀዝቃዛ ክዳን በላዩ ቢይዙበት ከክዳኑ ሥር የውሃ ጠብታ ይታያል። እህሉ ፈጽሞ ቢቃጠልም ጥቂት ዐመድ ይቀራል፤ ያም ከመሬት የተገኘው ማዕድን ነው። ጠጕር ወይም ላባ ሲቃጠል የሚሰማው ክፉ ሽታ ደግሞ በውስጡ ካለው ከድኝ የሚመጣ ነው።

የንጥረ ነገር ትንሿ ቅንጣት አቶም ትባላለች። አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድነት ሲቆሙ ሞለኪውል ይባላሉ። የሕያዋን ፍጥረታት ሞለኪውሎች ከሕያው ነገር በቀር ከሌላ ሊገኙ አይችሉም ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። ነገር ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. ፍሪድሪክ ቮለር የሚባል የጀርመን ኬሚስት፥ በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ የተባለውን ነገር ከሰውም ከእንስሳም ሳይወስድ በብልቃጥ ውስጥ ሠራው። ከዚያ ወዲህ የሕይወት ሞለኪውሎች እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሊመረመሩ የሚችሉ መሆናቸው እየታወቀ ሄደ። ዋና ዋናዎቹም ውሃ፥ ስኳርና የስኳር ዘመዶች፥ ቅባት፥ ፕሮቲን፥ እንዲሁም የዘርን ትእዛዝ የሚይዘው ኒውክሊክ አሲድ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃ ነው። አሁን የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ ከ100 እጅ 75 ያህሉ፥ ያደገ ሰውም 60 ያህሉ ውሃ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ የሚሠራው በውሃ ውስጥ ነው፤ ምግብ በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል፥ ጕድፍም በውሃ ታጥቦ ይወጣል። በጎታ ውስጥ ያለው ማሽላ ግን ደርቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ውሃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕይወቱ ተኝቶ ይቈያል፤ ዝናም ሲያገኘው ይነቃል። እህል ሳይደርቅ ጎታ ቢገባ የሚሻግተው፥ ለእህሉ ያልታሰበው ውሃ ለሻጋታው ሕይወት ስለሚሆን ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ቅጠል ከአየር የተቃጠለ አየር የሚባለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድን፥ ከሥሩም ውሃን ይቀበላል፤ በፀሐይም ብርሃን ኀይል ሁለቱን አዋሕዶ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር ይሠራል። አንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል 6 የካርቦን፥ 12 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አቶሞች አሏት። ተክሉ ይህን ስኳር ለነገ ሊያከማች በፈለገ ጊዜ ብዙ መቶና ብዙ ሺህ ግሉኮስ እንደ ዶቃ ያያይዝና ስታርች ያደርገዋል። ነጠላን ለማጠንከር የሚጠቀሙበት አሚዶም ይኸው ስታርች ነው። ማሽላ፥ ጤፍ፥ ገብስና ስንዴ አብዛኛው ክፍላቸው ስታርች ነው።

ስታርች ተመልሶ ስኳር እንደሚሆን የሚጠራጠር ሰው አንድ ጕርሻ እንጀራ ሳይውጥ ረዘም ላለ ጊዜ ያኝክ፤ እየቈየ ይጣፍጠዋል። በምራቅ ውስጥ ያለው አሚላዝ የሚባለው ሠራተኛ ዶቃውን እየቈረጠ ስኳር ስለሚያደርገው ነው። ገብስ ሲበቅልም እንዲሁ ይሆናል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ገብሱን ነክራ የምታበቅለው ለዚህ ነው፤ በብቅሉ ውስጥ የተነሣው አሚላዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፥ ከዚያም እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል። በ1833 ዓ.ም. አንሰልም ፓያንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ይህን ሠራተኛ ከብቅል ለይተው አወጡት። ይሁን እንጂ በሥራው የኢትዮጵያ ጠማቂዎች አስቀድመው ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አኳኋን ሌላ ነው፤ እንዲህ የተያያዘው ሴሉሎስ ይባላል። የሰው ሆድ ይህን ማያያዣ ሊቈርጥ አይችልምና ሰው በጭድ ላይ ተቀምጦ ይራባል። በሬ ግን በሆዱ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ስላሉት፥ እነርሱ ቈርጠውለት ከጭዱ ጕልበት ያገኛል። አንዱ ነገር በአያያዙ ብቻ ለአንዱ መብል፥ ለአንዱ ደረቅ እንጨት ሲሆን ማየት ያስደንቃል።

ሦስተኛው ቅባት ነው። ሰሊጥ ወይም ኑግ ወቅጦ በወረቀት ላይ ቢጫኑት ብርሃን የሚያሳልፍና የማይደርቅ ነጥብ ይተዋል፤ ይህ የቅባት ምልክት ነው። ከሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። 1 ግራም ስታርች 4 ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ፥ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ስለዚህ እንስሳ ለክፉ ቀን የሚያከማቸው ጮማ ነው፤ ጥቂት ቦታ ይዞ ብዙ ኀይል ይሆነዋልና። ከዚህም በላይ የሕያው ነገር ትንሿ ቤት ሕዋስ ናት፤ የዚህች ቤት ግድግዳ ከሁለት ረድፍ ቅባት የተሠራ ነው። ውሃ በውጭ፥ ውሃ በውስጥ ሳለ ሁለቱን ለይቶ የሚያቆመው ቅባት ነው።

አራተኛው ፕሮቲን ነው። ስሙ ፊተኛ ከሚለው ከግሪክ ቃል ወጥቶ በ1838 ዓ.ም. ተሰጠው። ጡንቻ፥ ቈዳ፥ ጠጕር፥ ጥፍር፥ የዋልያ ቀንድ ልባስ፥ የዕንቍላል ነጩ ክፍል ሁሉ ከፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነው፤ ስታርች ሲቈርጥ የታየው አሚላዝም ፕሮቲን ነው። በሰውነት ውስጥ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ዕንቍላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው፥ የፕሮቲኑ ክር ከታጠፈበት ተፈትቶ እርስ በርሱ ስለሚተበተብ ነው።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች የተሰካ ረጅም ክር ነው። በሕያዋን ነገሮች ፕሮቲን ውስጥ በብዛት የሚገኙት አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። በትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ጥቂቶች ፊደላት በተራቸው እየተለዋወጡ ብዙ ቃል እንደሚሆኑ፥ እነዚህም 20ዎቹ ተራቸውን እየለወጡ ቍጥር የሌላቸው ፕሮቲኖች ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር ኢንሱሊን የተባለውን ፕሮቲን ለብዙ ዓመት መርምሮ፥ በ1955 ዓ.ም. የ51ዱን አሚኖ አሲዶች ተራ ፈጽሞ አስታወቀ። ፊደሉ ቢዛነፍ ቃሉ እንደሚበላሽ፥ ተራው ቢዛነፍም ፕሮቲኑ ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የነገሩ ሁሉ መያዣ አለ። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች 11ዱን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ይችላል። 9ኙን ግን የሰው ሰውነት ሊሠራቸው አይችልም፤ ከሚበላው ምግብ ካላገኛቸው ከሌላ ከየትም አያገኛቸውም። ከ9ኙ አንዱ ሊሲን ይባላል። ሊሲንን ኤድሙንድ ድሬክሰል የተባለ የጀርመን ኬሚስት በ1889 ዓ.ም. ከወተት ፕሮቲን፥ ማለት አይብ ከሚሆነው ክፍል ለይቶ አወጣው።

አንድ ሰው ለ10 ቤት የሚበቃ ሣር፥ ጭቃና ማገር ቢኖረው፥ ምሰሶው ግን ለ4 ቤት ብቻ ቢሆን፥ ከ4 ቤት በላይ አይሠራም፤ የቀረው ሣርና ማገር ከደጅ ይወድቃል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ተትረፍርፈው ሊሲን ቢጐድል፥ ሥጋ የሚሠራው በሊሲኑ ልክ ነው፤ የተረፉት ሥጋ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ማገዶ ይቃጠላሉ። የማሽላም ጕድለቱ በዚህ በኩል ነው። ከ100 ግራም የማሽላ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ሊሲን 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። በባቄላ፥ በሽምብራ፥ በምስርና በአተር ፕሮቲን ውስጥ ግን 6 ወይም 7 ግራም ያህል ይገኛል። ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እርሱ በእህል ውስጥ ይሻላል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ ከሽሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ አንዱ የአንዱን ጕድለት ይሞላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በገበታም ላይ እውነት ነው።

አምስተኛው ኒውክሊክ አሲድ ነው፤ ዋናውም ዲ ኤን ኤ ይባላል። ማሽላ ተዘርቶ ማሽላ የሚሆነው፥ ዋልያም ዋልያን የሚወልደው፥ ፕሮቲን ሁሉ በምን ተራ እንደሚሰካ የሚናገር ትእዛዝ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ ስላለ ነው። የዚህ ጽሕፈት ፊደላት 4 ብቻ ናቸው፤ አዴኒን፥ ታይሚን፥ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ይባላሉ። ሦስት ሦስቱ ፊደላት አንድን አሚኖ አሲድ ያመለክታሉ። በ1953 ዓ.ም. ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፥ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በኤክስ ሬይ ካስነሣችው ሥዕልም ተረድተው፥ ዲ ኤን ኤ እንደ ተገመደ መሰላል ሁለት ክር መሆኑን አስታወቁ። ሁለቱ ክሮች ሲለያዩ እያንዳንዱ ጓደኛውን መልሶ ያስጽፋል፤ ዘር ከዘር የሚወርደው በዚህ ነው። በሰው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል።

እንግዲህ ትእዛዙ በዘር ውስጥ ከሆነ፥ ከዘርና ከዘርም ልዩነት ካለ፥ ሊሲን ያልጐደለው እህል በአንድ ስፍራ ሊገኝ አይችልምን? ብለው ሊቃውንት መፈለግ ጀመሩ። መልሱንም በሁለት ጊዜ ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄደ ዘር ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ገብስ ነው። በ1970 ዓ.ም. ላርስ ሙንክና ባልንጀሮቹ በስዊድን አገር፥ ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ የገብስ ዘር እየመረመሩ ሳሉ፥ ከኢትዮጵያ የተገኘ አንድ ገብስ በፕሮቲንም በሊሲንም ከሌሎቹ በልጦ አገኙት። ስሙንም ሂፕሮሊ አሉት፤ ብዙ ፕሮቲንና ብዙ ሊሲን ያለው ለማለት ነው። ሁለተኛው ማሽላ ነው። በ1973 ዓ.ም. ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ከብዙ ሺህ የማሽላ ዐይነት መካከል ሊሲናቸው የበዛ ሁለት አገኙ፤ ሁለቱም የወጡት ከወሎ ነበር። በእነዚህ ማሽላዎች ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ከ3 ግራም የሚበልጥ ሊሲን ተገኘ። ጡት የጣሉ የአይጥ ግልገሎች በዚህ ማሽላ በተቀለቡ ጊዜ፥ ሌላውን ማሽላ ከበሉት ይልቅ እጅግ ፈጥነው አደጉ።

ምክንያቱም ተመረመረ። በማሽላ ፍሬ ውስጥ የሚከማቸው ዋናው ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል፤ በእርሱም ውስጥ ሊሲን የለም ማለት ይቻላል። በወሎዎቹ ማሽላዎች የዘሩ ትእዛዝ ጥቂት ተለውጦ ካፊሪን ያነሰበት፥ ሊሲን ያላቸው ሌሎቹ ፕሮቲኖች የበዙበት ነው።

ነገር ግን ዘሩን የጠበቁት ሊቃውንቱ አይደሉም። የወሎ ገበሬዎች ይህን ማሽላ በሌላው ማሽላ መካከል ይዘሩት ነበር። በእሸትነቱ ሳለ ቈርጠው፥ ጠብሰውም ይበሉት ነበር። ከስሞቹም አንዱ ወተት በጉንጬ ነው። ስለ ሊሲን የነገራቸው ማንም አልነበረም፤ የቀመሱትን በምላሳቸው መዝነው ከወተት ጋር አመሳሰሉት። ሊሲን ፊት ከወተት መገኘቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ያስደንቃል። ደግሞም ፍሬው የተጨማደደና ቀላል ስለ ሆነ ምርቱ ከሌላው ያንሳል፤ በሰፊው ያልተዘራበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገበሬው ሚዛንን ብቻ ቢመለከት ኖሮ ይህን ዘር ጥሎት ነበር። ስለ ጣዕሙና ስለ ልጆቹ እሸት ብሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየዘራ አቈየው።

አሁን ነገሩ ወደ ሕፃኑ ይመለሳል። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ስትሠራ፥ ጡት በጣሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ አንድ በሽታ አስተዋለች። የሕፃኑ እግርና ፊት ያብጣል፥ ጠጕሩ ይሳሳል፥ መልኩም ይቀላል፥ ቈዳው ይላጣል፥ መጫወትም መብላትም ይጠላል። በ1935 ዓ.ም. የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም፥ ኳሺዮርኮር የሚለውን፥ በሕክምና ጋዜጣ አስታወቀች። ትርጓሜውም ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተነሣ ልጅ በሽታ ማለት ነው። የዚህ በሽታ ምክንያት የፕሮቲን ጕድለት ብቻ እንዳልሆነ ዛሬ ታውቋል፤ የምግብ ሁሉ ማነስ፥ ተቅማጥና ሌላም ሕመም አብረው ያመጡታል። ቢሆንም ከጡት ተነሥቶ ቀጭን የእህል ገንፎ ብቻ የተሰጠው ልጅ ለዚህ አደጋ እንደሚቀርብ የታወቀ ነው። ያበጠ ልጅ የወፈረ መስሏቸው ደስ የሚላቸው አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እብጠቱን በጣት ተጭነው ሥፍራው ጐድጕዶ ቢቀር፥ ልጁ ያን ቀን ሳይታደር ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል።

በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ፥ በስዊድን ርዳታ፥ ለሕፃናት የሚሆን ምግብ ተጠንቶ ፋፋ የሚባለው ዱቄት ተሠራ። ምሥጢሩ እላይ የተነገረው ነው፤ እህል፥ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት በአንድነት ተቀላቅለው አንዱ የአንዱን አሚኖ አሲድ እንዲሞላ ነው። ይህን ምሥጢር ያወቀች እናት ከሱቅ የሚገዛውን ብታጣ በቤቷ ልትሠራው ትችላለች።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እየጠባ፥ ምግብ ይጨመርለት። ለገንፎው ሦስት እጅ ማሽላ ወይም ገብስ ወይም ጤፍ፥ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ወይም ምስር ይሁን። ጥራጥሬው ተቈልቶና ተከክቶ ይፈጭ። ገንፎው ሲበስል ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ የሕፃን ሆድ ትንሽ ናትና በጥቂት ጕርሻ ብዙ ኀይል እንድታገኝ ነው። ገንፎው ወፍሮ ለሕፃኑ ቢከብደው ውሃ ከመጨመር ይልቅ፥ ለብ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢያማስሉበት ይቀጥናል፥ ምግቡም አይቀንስም። በብቅሉ ያለው አሚላዝ የስታርቹን ዶቃ ይቈርጠዋልና። ከቀጠነ በኋላ ግን ተመልሶ ይፍላ። ዕንቍላልና ወተት በተገኘ ጊዜ ከገበያ በፊት ለሕፃኑ ይታሰብለት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጥራጥሬ ሁሉ አንድ አይደለም። በጓያ ውስጥ ሰውነት ለፕሮቲን የማይጠቀምበት፥ ነርቭን የሚጐዳ ሌላ አሚኖ አሲድ አለ። ሌላ ምግብ በጠፋበት ዘመን ጓያን ለብዙ ወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ተሽመድምዶ ቀርቷል። ስለዚህ ለሕፃኑ ገንፎ ጓያ አይግባ።

ይህ ሁሉ ለዛሪማ ሩቅ ነገር አይደለም። ቈላው ማሽላና ሰሊጥ አለው፤ ደጋው ገብስና ባቄላ አለው። ሊማሊሞን ወጥቶ ወርዶ የሚገበያይ ሰው፥ ሳያውቀው፥ ሊሲንንና ሜቲዮኒንን፥ ስታርችንና ቅባትን ያገናኛል። የሚጐድለው ብዙ ጊዜ እውቀቱ ነው፤ ማሽላው በተሸጠበት ገንዘብ አንድ ቁና ባቄላ ሳይገዛ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለና። ድህነት እጁን የያዘውን ሰው መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ባለው ጥቂት ገንዘብ የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ለድኻ ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል።

ለተማሪው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአገሪቱን ዘር የሚሰበስብና የሚጠብቅ ማዕከል ተቋቍሟል፤ እርሱም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማዕከሉ ቢኖርም የዘር የመጀመሪያው ቤት የገበሬው ጎታ ነው። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ አያቱን ይጠይቅ፤ በልጅነታቸው የሚዘሩት ማሽላ ስንት ዐይነት ነበር? ስማቸውስ ማን ማን ይባል ነበር? እሸቱ የሚጣፍጠው፥ ለጠላ የሚሆነው፥ ለሕፃን ገንፎ የሚመረጠው የቱ ነበር? የሰማውንም በደብተሩ ይጻፍ። ከእነዚያም አንዱ በመንደሩ ውስጥ በአንድ ሰው ጎታ ቀርቶ ቢገኝ፥ አንድ እፍኝ ለምኖ በጓሮው ይዝራው። የዘሩ ስም በደብተር፥ ዘሩ ራሱ በጓሮ ከኖረ፥ ነገ የሚመጣው መርማሪ የሚፈልገውን ሳያጣ ያገኛል፤ ያን ዓመት የሚወለደው ሕፃንም እሸቱን ይበላል።